ባለ ሁለት ሰው ወንበር

«ብቻ ማነው? ብቻውን የመጣ ወደ ፊት!»

የመዝናኛ ፓርኩ የገመድ ወንበር በረኛ እንዲህ ብሎ ሲጣራ እሷ ሽምቅቅ ትል ነበር። ሰልፈኛው ሁሉ ዞር ብሎ «ውይ፣ ብቻዋን ናት!» የሚላት ይመስላታል። በረኛው ግን ለክፋት አልነበረም። ወንበሩ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ከተቀመጠበት ወደ ጎን ያጋድላል። ስለዚህ ብቻቸውን የመጡትን ከሰልፉ ውስጥ እየለቀመ ያጣምራቸዋል። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ደንታ የለውም። ወፍራሙን ከቀጭኗ፣ አኩራፊውን ከለፍላፊዋ ያስቀምጥና፣ የወንበሩን ብረት ከፊታቸው ቀርቅሮ በገመድ ተንጠልጥለው ከኩሬው በላይ ወደ ማዶ ይሸኛቸዋል።

ከአንድ ሊፍት ጠጋኝ ጋር ያስተዋወቃት ይኸው ጩኸት ነው።

እሷ መነጽር ቤት ውስጥ መስታወት ሞራጅ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ከማሽኗ ፊት ተጎንብሳ ለሰው ዓይን የሚስማማ መስታወት ስትቆርጥ፣ ጠርዙን ስታለሰልስ፣ ወደ አምፖሉ አንስታ ጭረት ስትፈልግ ትውላለች። ቅዳሜ ሲመጣ ዓይኗ ከአፍንጫዋ ራቅ ያለ ነገር ማየት ያምረዋል። እሱ ደግሞ በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ጨለማና ቅባት ሲያይ ሰንብቶ ሰማይ ይናፍቀዋል። ይህን የነገራት መጀመሪያ አብረው የተቀመጡ ዕለት ነበር።

«ሥራህም ገመድ፣ መዝናኛህም ገመድ?» አለችው።

«ይሄኛው እይታ አለው» አለና አያት። ያየው ኩሬውን አልነበረም።

ከዚያች ቃል በኋላ አፏ ተያዘ። ፊቱ ከፊቷ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ወደ እሱ ብትዞር ምን እንደምትሆን ስላላወቀች ዞር ማለት ተወች። እጇንም ማመን አቃታት፤ እሱ ጉልበቱ ላይ ወዳሳረፈው እጅ የሚሄድባት እየመሰላት ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ማዶ ደረሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያም እንዲሁ።

ሰልፉ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበረች። እሱ ከኋላ ራቅ ብሎ ከቆመ፣ «እለፉ፣ እለፉ፣ እኔ አልቸኩልም» እያለች ተራዋን ለሰው ታድላለች። እሱም ከፊት ከሆነ የጫማው ማሰሪያ ይፈታል፤ የማይታሰር ጫማ አድርጎ እንኳ አንድ ቀን ሊያስር ጎንበስ ሲል አይታዋለች። እንዲህ እየተጠባበቁ በረኛው ፊት እኩል ይደርሳሉ። «ብቻ?» ይላል በረኛው። «ብቻ» ይላሉ ሁለቱም፣ እንደማይተዋወቅ ሰው።

እናቷ ይህን ሁሉ አታውቅም። የምታውቀው ልጇ በየቅዳሜው አየር ላይ እንደምትንጠለጠል ብቻ ነው።

«ዛሬም ልትንጠለጠዪ?»

«ወንበር ነው እማዬ፣ ይቀመጡበታል እንጂ አይንጠለጠሉበትም።»

«እግርሽ መሬት ካልነካ መንጠልጠል ነው። ብሎኑን ማን አጠበቀው? ታውቂዋለሽ? ትናንት ከሚስቱ ተጣልቶ ያደረ እንደሆነስ? ሐሳቡ ሌላ ጋ ሆኖ ሳያጠብቀው ቢቀርስ?»

«ውይ እማዬ!»

«ልጅ ወልደሽ እይው። ያኔ ‹ውይ እማዬ› አትዪኝም።»

አንድ ቅዳሜ የፓርኩ በር ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ አገኘች። ፓርኩ ኩሬውን ተሻግሮ ሊሰፋ ነው። አዳዲስ መጫወቻዎች ይመጣሉ። የገመድ ወንበሩ ይነሳና በቦታው ስምንት ስምንት ሰው የሚይዙ፣ ዙሪያቸውን መስታወት የሆኑ ዝግ ክፍሎች ይገባሉ። ተራም በስልክ ይያዛል፤ ሰልፍ የሚባል ነገር ይቀራል። ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው ይስቃሉ።

እሷ ግን ሥዕሉ ፊት ተገትራ ቀረች። ሰልፍ ከሌለ፣ «ብቻ ማነው?» የሚል ከሌለ፣ እሱን የት ታገኘዋለች? ስሙን እንኳ አልጠየቀችውም። ጠይቃ ምን ልትለው?

ፓርኩ የራሱ ወዳጆች ነበሩት። ዓመት ከዓመት የማይቀሩ፣ የአንዱ መጫወቻ ቀለም ቢቀየር እንኳ ኩርፊያ የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ «ስለ ወንበሩ ሐሳባችሁን አቅርቡ፤ አብዛኛው መነሳቱን ካልፈለገ አናነሳውም» ስላላቸው እሑድ ጠዋት በፓርኩ ሻይ ቤት ተሰበሰቡ። እሷም ሄደች። እሱ መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሲያያት ራሱን ነቀነቀላት፤ እሷም ወንበር አደናቀፋት።

ስብሰባውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የፓርኩን እያንዳንዱን ጥግ በቃላቸው ስለሚያውቁ ሰው ሁሉ «ጋሼ ካርታ» ይላቸዋል።

«በተራ፣ በተራ! እጅ ሳያወጣ የሚናገር የለም!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

«ይስፋ እንጂ!» አለች ዳቦ ቤት ያላት ወይዘሮ። «ልጆቼ ሰልፍ ላይ አደጉኮ! የጭራቅ ቤቱን ተዉት፤ ጭራቁ ጥርሱ ረግፎ ልጆቼ አዘኑለት እንጂ አልፈሩትም። ትንሹማ ‹ድድ ሆኖ ምን ይበላል?› ብሎ አለቀሰ።»

«ጭራቁን እንዳትነኩ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ተቆጣ። «እኛ በእሱ ፈርተን ነው ያደግነው!»

«አንተማ እስካሁንም አላደግክም!»

ሳቁ ሲበርድ እሷ እጇን አወጣች።

«እኔ... የገመድ ወንበሩ ባይነሳ እላለሁ።»

«ምክንያትሽስ፣ ልጄ?» አሉ ጋሼ ካርታ።

ምክንያቷ ጥግ ይዞ ሻዩን ያማስላል። እንዴት ትናገረው?

«አየሩ... አየሩ ጥሩ ነው።»

«አየርማ ደጅም ሞልቷል፣ ያውም በነፃ!» አለች ባለ ዳቦ ቤቷ፤ ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አየሩ ብቻ አይደለም!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሁሉም ነገር መፍጠን አለበት? ሁሉም ነገር ስምንት ስምንት ሆኖ መታጨቅ አለበት? ሁለት ሰው ዝም ብሎ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ቢኖር ማንን ጎዳ?»

ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። በዚህ መሃል ሊፍት ጠጋኙ ተነሳ። መቼም እሱ ይደግፈኛል አለች በሆዷ። እሱ ካልደገፈኝ ማን ይደግፈኛል?

«ወንበሩ ይነሳ» አለ።

ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«እህቴ ያለችውን ሰምቻለሁ...»

እህቴ! ያን ሁሉ ቅዳሜ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዛሬ እህቴ!

«...ግን የሚፈራ ሰው አለ። ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጣቶቹ ደም እስኪያጡ ድረስ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሻገር ሰው አለ። እያየሁት አንጀቴን ይበላኛል። እንደዚያ ያለ ሰው መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን ገልጦ ቢያይ ይሻላል ባይ ነኝ።»

እሷ የምትሰማው ጠፋ። የቀራት ንዴት ብቻ ነበር።

«ወንድሜ» አለች፣ ቃሏን ረገጥ አድርጋ፤ «የሚፈራ ሰው ቤቱ ይቀመጣላ! ማን ና አለው?»

ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሎ ተቀመጠ።

ጋሼ ካርታ እጅ አስወጡ። ወንበሩ ይነሳ በሚሉት ጊዜ የእሱ እጅ ቀስ ብላ ስትወጣ አየች። ያቺን እጅ ጉልበቱ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይታት አታውቅም ነበር። ወንበሩ ተሸነፈ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወሬውን ሰምታ ጠበቀቻት።

«እሰይ! ዘንድሮስ እንቅልፍ ልተኛ ነው!»

እሷ ቦርሳዋን ወርውራ ሶፋው ላይ ተደፋችና አለቀሰች። እናቷ ደነገጠች። ግንባሯን ዳሰሰች፣ ውሃ አመጣች፣ ውሃውን ራሷ ጠጣችው።

«ለወንበር ነው እንዲህ? ንገሪኝ እንጂ!»

ነገረቻት። ከ«ብቻ ማነው?» ጀምራ እስከ «እህቴ» ድረስ።

«ለመሆኑ ምን ምን ስታወሩ ነበር?»

«ምንም።»

«ያን ሁሉ ቅዳሜ? ምንም?»

«ምንም።»

«እኔ ያ ወንበር ይጥላታል ብዬ ስሰጋ!» አለች እናቷ። «ለካ አንቺን የሚጥልሽ አፍሽ ነው። ሰውየው ጠንቋይ ነው? በምን ይወቅልሽ? ሂጂና ጠይቂው። ካልጠየቅሽው ያንቺን ማልቀስ እኔ አልችለውም።»

«ተንጠልጥዬ ልጠይቀው?»

«እንግዲህ...» እናቷ ተጨነቀች። «አጥብቀሽ ያዢ።»

የወንበሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሰልፉ እስከ መንገድ ወጣ። ወንበሩ ይነሳ ብለው እጅ ያወጡት ሁሉ ሊሰናበቱት መጥተዋል፤ ባለ ዳቦ ቤቷም ከነልጆቿ ከፊት ቆማ «ምን ያደርጋል፣ አየሩስ ጥሩ ነበር» ትላለች። እሷ አንጀቷ አረረ።

ዞር ብላ ፈለገችው። ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል። አንገቱን ደፍቷል፤ ጫማውን አያስርም።

ንዴቷ «እለፊ፣ ሂጂ» አላት። እግሯ ግን አልሄደም። «እለፉ» አለች ከኋላዋ ላሉት። «እለፉ፣ እኔ አልቸኩልም።» ሰው እየጎረፈ አለፋት። ሰልፉ ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ኋላ፣ በመጨረሻ ጎኑ ደረሰች። እሱ ቀና አላለም። እንደዚያው በረኛው ፊት ደረሱ።

በረኛው ሁለቱንም አያቸው። «ብቻ?»

ማንም አልመለሰለትም። ብረቱን ቀርቅሮ ለቀቃቸው።

«ዛሬም መጣሽ?» አለ እሱ፣ ኩሬው ላይ ሲደርሱ። «ቤቴ እቀመጣለሁ ያልሽ መስሎኝ።»

«እኔ ምን በወጣኝ? ያልኩት ለሚፈራ ሰው ነው።»

«እና አንቺ አትፈሪም?»

«ምኑን?»

እሱ እጆቿን አየ። እሷም አየቻቸው። ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጣቶቿ ነጥተዋል።

ያኔ ገባት።

«እኔን ነበር?» አለች። «ያ አንጀትህን የሚበላው ሰው፣ እኔ ነኝ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? በየቅዳሜው ስትሠቃዪ እያየሁ! አንድ ቀን መጥታ ሁለተኛ አልወጣም ትለኛለች ብዬ ስፈራ! ዝግ ቢሆን አትቀርም ብዬ...»

«ከፍታ አልፈራም!» ብላ ጮኸች። ከታች ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች ቀና አሉ። «በሕይወቴ ከፍታ ፈርቼ አላውቅም!»

«ብረቱንስ?»

«ብረቱን ካልያዝኩ የምይዘው ሌላ ነገር ነበራ!»

ከአፏ ካመለጠ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። ገመዱ ብቻ ጢዝ ይላል።

«እኔኮ ላንቺ ብዬ ነው ወንበሩን ያስነሳሁት» አለ ቀስ ብሎ።

«ለእኔ ብለህ የኔን ወንበር አስነቀልክብኝ!»

«የኛን።»

«የኛን» አለች፤ ሳቅም ለቅሶም መጣባት። «ሥራህን እንጂ ስምህን እንኳ አላውቀውም። ስንት የምጠይቅህ ነገር አለ!»

«ጠይቂኛ።»

ግን ያ ከፓርኩ ሁሉ ቀርፋፋ የሚባለው ወንበር ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ክንፍ አወጣ። አንዱንም ሳትጠይቀው የማዶው በረኛ ብረቱን ይዞ «ውረዱ፣ ውረዱ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» ይላል። ወደ ኋላ ቢያዩ ከእነሱ በኋላ የተሰለፈው ሰው ማለቂያ የለውም። ሁለተኛ ዙር የማይታሰብ ነው።

እሷ ብረቱን ለቀቀች። እጇ የሚሄድበትን ያውቅ ነበር።

አዲሶቹ ክፍሎች ሥራ የጀመሩ ጊዜ ሦስት ሆነው ሄዱ። እናቷ «ዝግ ከሆነማ እኔም አያለሁ፤ ሰውየውንም ክፍሉንም» ብላ ነው። ያው በረኛ አዲስ ልብስ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። የሚያጣምረው ሰው ስለሌለ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቷል። አያትና ከልማድ «ብቻ?» አላት።

«ምን ብቻ!» አለች እናቷ። «ሦስት ነን!»

ገቡ። እናቷም ሄዳ ዘፍ ብላ መሃላቸው ተቀመጠች። በሌላው ወገን አምስት የማያውቋቸው ሰዎች ታጭቀዋል፤ አንዱ ብስኩት ይቆረጥማል። መስታወቱ ተዘጋ። አየር የለም፣ ዝምታ የለም፣ ሁለት ሰው የሚሆንበት ቦታ የለም። እሷ ንዴቷ ተነሳባት። በእናቷ ጀርባ እጇን ቀስ ብላ ላከች፤ የእሱ እጅ ቀድሞ እዚያ ይጠብቃል።

እናቷ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ስትመረምር ቆይታ፣ ዞር ሳትል «ጀርባዬን ምንድን ነው የሚቆረቁረኝ?» አለች።

ሁለቱም ኩሬውን ማየት ጀመሩ።

እናቷ ተነሳች። እየተንቀጠቀጠች፣ የክፍሉን ብረት ጨብጣ፣ ባለ ብስኩቱን «እስቲ ጠጋ በልልኝ ልጄ» አለችውና ወደ ማዶ ተሻገረች።

«እዚህ ጋ እይታው ይሻላል» አለች።

ከተቀመጠችበት የሚታየው የሻይ ቤቱ የጓሮ ግድግዳ ነበር። ለሁለቱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ክፍሉ ኩሬውን እስኪሻገር ድረስ እሱኑ ስታይ ቆየች።