መቀሱን ያስቀመጠው ሰው

በዚያ ስፌት ቤት ሰው ሲሳሳት በቃል የሚገሥጸው አልነበረም። ያጠፋው ሰው ስፌቱን ተርትሮ እስኪጨርስ ድረስ ሁሉም በመቀሱ ጠረጴዛውን ይቀጠቅጥበታል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። «ጨዋታ ነው» ይላሉ።

አዲሷ እጅጌ ሰፊ ሥራ በገባች በሁለተኛው ቀን የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል ገጠመችው። ቤቱ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ እጇ አልታዘዝ አላት። ሥራዋ ተመስክሮላት የመጣች ልጅ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታት። ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው የቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩአት።

«ልጄ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አይሻለሁ። ካልሆነልሽ ግን እንሰነባበታለን።»

ያን ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሷ ማሽኗ ላይ ቀረች። ጨርቅ ቆራጩም ቀርቶ ኖሯል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከትከሻው ላይ የጨርቅ ብናኝ የማይጠፋ ሰው።

«ማንም ሳይኖር ስትሰፊ አየሁሽ» አላት። «ቀጥ ያለ ነው። እጅሽ ደህና ነው፤ የታመመው ጆሮሽ ነው።»

«መቀስ ይዘህ የለ? ቆርጠህ ጣልልኛ!»

ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም፤ እሷም አልሸሸችውም።

ቤት ስትገባ የአሥራ አራት ዓመት ታናሽ እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ስትናገር ቃል ይያዝባታል። አንድ ተማሪ አስመስሎ አስቆባት፣ ክፍሉ በሙሉ ተቀብሎታል። እጇን አውጥታ መመለስ ከተወች ቆየች፤ አሁን እህልም አልወርድ ብሏታል።

«ተያቸው እናቴ። ዝም አይነቅዝም።»

«እ... እኔ ግን እየነቀዝኩ ነው» አለች ትንሿ ሳትዞር። «አንቺስ ዝም ብለሽ ምን አተረፍሽ?»

ትልቋ ብርድ ልብሱን አልብሳት አጠገቧ ተጋደመች።

በማግስቱ እጅጌው እንደገና ተጣመመባት። መቀሷን ቀድማ ያነሳችው ቁልፍ ተካይዋ ነበረች፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይፈጥናል። ቤቱ ተከተላት። ያን ጊዜ ቆራጩ ከጠረጴዛው ተነሳ። በማሽኖቹ መሐል አልፎ ትልቁን መቀሱን እሷ ማሽን ላይ አስቀመጠና ባዶ እጁን አጣምሮ አጠገቧ ቆመ።

«ኧረ ጉድ! ጠበቃ ቆመላት!» አለች ቁልፍ ተካይዋ።

«አንተ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ!» አሉ እትዬ።

«ቅጥቀጣቸውን ሲያቆሙ እመለሳለሁ፣ እትዬ። ካልሆነም እኔንም ያሰናብቱኝ።»

እጅጌ ሰፊዋ ቀና አለች።

«ቀጥቅጡ! እስኪደክማችሁ ቀጥቅጡ! እኔ የምተረትረው ለልብሱ ስል ነው፤ ለጩኸታችሁ አይደለም።»

ስፌቱን ተረተረች፤ እንደገና ሰፋች። መቀሶቹ አንድ በአንድ ደከማቸው። ቆራጩ ወደ ሥራው ሲመለስ ትልቁን መቀስ እዚያው ተወው፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ይቆርጥ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ቁልፍ ተካይዋ የወንድ ሸሚዝ ቁልፎችን በሴት በኩል ተከለቻቸው። መቀሶች ተነሡ፤ ዓይን ሁሉ ወደ እጅጌ ሰፊዋ ዞረ። ብድሯን የምትመልስበት ቀን ነበር። እሷ ግን መቀሷን ኪሷ ከታ ወንበሯን ወደ ቁልፍ ተካይዋ ሳበች።

«ግማሹን ስጪኝ፣ እታለም።»

ማንም አልቀጠቀጠም። ወሩም ሲያልቅ እትዬ ስለ ስንብት ሳያነሱ ቀሩ።

በዚያ ቀን ቆራጩ እስከ ቤቷ መንገድ ድረስ ሸኛት። ቆመ።

«አንድ ነገር... እኔ... ማለቴ...»

«አይዞህ፣ ጨርሰው» አለችው ፊቷ በርቶ። «እኛ ቤት ተናጋሪን የሚያጣድፍ የለም።»

ሲጋቡ ታናሽ እህቷ በሰው ፊት ቆማ መረቀቻቸው። መሐል ላይ ቃል ተያዘባት። አንድ ዘመድ ሊስቅ ሲል ሙሽራው አየው፤ ሰውየው ሳቁን ዋጠ። ልጅቷ ቃሏን እስከ መጨረሻው ተናገረች።

አብረው ብዙ አልኖሩም። ቆራጩ ሳንባው ታሞ፣ ሲያስል ከርሞ፣ ዐረፈ። ሰዎች «ልብሽ ተሰብሯል፣ ምን ሥራ ትሠሪያለሽ? ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት።

«እሱ የቆመልኝ ቦታ እያለ እኔ የምቀመጠው ለምንድን ነው?» አለች።

በተመለሰችበት ቀን ዓይኗ እንባ አቅርሮ የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጠመችው። ልማዱ ካለበት ሌላ ስፌት ቤት የመጣች አዲስ ሠራተኛ እየሳቀች መቀሷን አነሳች። ቁልፍ ተካይዋ እጇን ያዘቻት።

«እዚህ ቤት አይቀጠቀጥም።»

«ማን ከልክሎ?»

ቁልፍ ተካይዋ በአገጯ ወደ እጅጌ ሰፊዋ ማሽን ጠቆመች። ትልቁ መቀስ እዚያው፣ እሱ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

እጅጌ ሰፊዋ አነሳችው። ዛሬም ለእጇ ይከብዳታል። ጫፉን ከክሩ ሥር አስገብታ፣ ሳትቸኩል፣ መተርተር ጀመረች።