ባለከረጢቱ ሽማግሌ

ድንቡሼ ሶፋው ጀርባ ተወሽቆ አልወጣም አለ። ይህ ሁሉ ጉልበት ለአምስት ዓመት ልጅ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ እናቱ አንድ እጁን ስትጎትተው በሌላው የሶፋውን እግር ጨምድዶ ይዟል።

«አይግባ» ይላል እያለቀሰ። «ከረጢት ይዟል። አይግባ።»

አያቱ በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በየዓመቱ በዓል ሲደርስ ለልጆቹ የሰፉትን ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይመጣሉ። አምና ድንቡሼ ደረጃው ድረስ ሮጦ ወርዶ ነበር የተቀበላቸው። ከረጢቱ ውስጥ ካልገባሁ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አስቋል።

እህቱ መርፌ የምትገባበት ጠፋት። ስሙን ያወጡላት እኚሁ አያቷ ናቸው፤ ቅጥነቷን አይተው፣ ደግሞም ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ክር የምታሾልክላቸው እሷ ስለሆነች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ልጁ ምን እንደሆነ መርፌ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ነገሩ የመጣው ከትናንት በስቲያ ነው። በበዓል ዋዜማ ከረጢት ተሸክሞ በየቤቱ ስጦታ ስለሚያድለው ሽማግሌ እናታቸው ስትተርክላቸው ነው ያደጉት። ዘንድሮ ያንኑ ተረት ገልብጦ የሚያሳይ ፊልም ወጣ። እዚያ ሽማግሌው ስጦታ አያድልም፤ ልጆችን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ይወስዳል። የክፍሏ ልጆች ሁሉ አይተውታል። «እስካሁን አላየሽውም? አቦ አንቺ ፋራ ነሽ» አለቻት ጓደኛዋ። ጓደኛዋ ራሷ ግማሹን ዓይኗን ሸፍና እንዳየችው ግን አልደበቀቻትም።

የዚያን ዕለት መርፌ ፊልሙን ቤት ከፍታ ከድንቡሼ ጋር ልታይ ስትል፣ እናቷ ልብስ እየተኮሰች ስክሪኑን ቃኘት አደረገችና «ለትንሹ ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አንቺ የምትነግሪን ተረት እኮ ነው» አለች መርፌ።

እናትየው አመነቻትና የተኮሰችውን ልብስ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ፊልሙ ሲከፋ መርፌ ማጥፋት ትችል ነበር። «ዓይንህን ሸፍን» አለችው እንጂ አላጠፋችውም። ሲያልቅ ደግሞ «ለእማዬ እንዳትነግር፣ እሺ?» አለችው። ድንቡሼ እየተንቀጠቀጠ «እሺ» አለ።

«አባባ ምን አደረጉህ?» እናትየው አሁን ትዕግሥቷ አልቋል። «ሰው እንዲህ ነው የሚቀበሉት? ተናገር፣ አለበለዚያ ዛሬ ትቀጣለህ።»

ድንቡሼ እንባ ባቀረሩ ዓይኖቹ እህቱን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ከንፈሩን ነከሰና «አልናገርም» አለ።

ይህ ትንሽ ልጅ በፍርሃት እየራደ፣ ቅጣት እየመጣበት፣ መርፌ ያስገባችውን ቃል ጠብቋል።

«ተይው ልጄ» አሉ አያትየው። ከረጢቱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። «እርጅና ነው። ፊቴም አላምር ብሎ ይሆናል፤ ልጅ ደግሞ አይዋሽም። ልብሱን እናንተ አልብሱት፣ እኔ ልሂድ።» ሊቀልዱ ሞክረው ነበር፤ ድምፃቸው ግን እምቢ አላቸው። ዞረው የደረጃውን ብረት ያዙ።

አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ድንቡሼ እንደሆነ አይናገርም። እናቷም ነገ ትረሳዋለች። አያቷ ግን አይረሱም፤ በሚመጣው ዓመት ልብሱን በሰው ይልኩና እሳቸው ይቀራሉ።

«አባባ፣ አይሂዱ» አለች።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«እማዬ፣ እጁን ልቀቂው። እሱ ምንም አላጠፋም። አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ የልጁን እጅ ለቀቀች። «ምኑን ነው የማይናገረው?»

መርፌ ዓይኗን ከአያቷ ፊት ሳትነቅል የፊልሙን ነገር ከመጀመሪያው መናገር ጀመረች።