በቱቦው ውስጥ የነበረው ጨርቅ

አለቃ የሞተው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ራሱ በሚመራው የጋራዡ የሞተር መሞከሪያ ክፍል፣ እናት አጥባ ባደረቀችው ወለል ላይ ነው። በብረት መቆሚያው ላይ የታሰረው ሞተር ጮኸ፤ ጩኸቱ ጨመረ፤ ቁልፉ ቢዘጋም አልቆም አለ። በመጨረሻ አየር የሚገፋለት ቱርቦ ፈነዳና ስባሪው የአለቃን ደረት መታው። ሠራተኞቹ ተሯሩጠው ሲደርሱ ነፍሱ ወጥታ ነበር። የሞተሩን የአየር መግቢያ ለመድፈን ያነሳው የብረት ሳህን ከእጁ አልተላቀቀም።

እናት የጋራዡ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ልጇ እዚያው መካኒክ ስለሆነች ትልቁም ትንሹም «እናት» ይላታል። ሰዎቹ ሬሳውን ተሸክመው ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። ከሞተሩ ጎን ከተገጠመው ፓምፕ ወደ መሬት የሚወርደውን የጎማ ቱቦ አፍ በጣቷ ዳበሰች። የምትፈልገው ነገር አፉ ላይ የለም። ጣቷን እስከ መጨረሻው ስትሰድ ጫፉን ነካችው። በፒንሳ ይዛ ጎተተች። እየተቀደደ ወጣ፤ አረንጓዴ ጨርቅ። ባልዲዋ ውስጥ ወሸቀችው።

«ገደልኩት» አለች በሆዷ።

ሁለት ቀን «አደጋ ነው» ተባለ፤ እናትም ጨርቁን እቤቷ ወስዳ ደበቀችው። እህል በአፏ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪዋ መጣች። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዘይት የነካውን ወለል ሳትጸየፍ ተንበረከከች፤ ፓምፑን በካቻቢቴ ፈትታ ውስጡን አየች፤ አንድ ነገር በመቆንጠጫ አንስታ በወረቀት ጠቀለለችና ኪሷ ከተተች።

ከዚያ ልጅቷን ጠራቻት። እናት ከበሩ ውጭ ሆና መስተዋት የምትወለውል መሰለች።

«ይህ ፓምፕ ምን ያደርጋል? እንደማያውቅ ሰው ንገሪኝ።»

«ቱርቦ ያለው ሞተር አየር በግድ ይጋታል» አለች ልጅቷ። «ጋዙ ሲበዛ ጥቂቱ በፒስተኖቹ ዳር ያመልጥና ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። መውጫ ካጣ ዘይቱን ይገፋዋል። ፓምፑ ያንን ጋዝ ከሞተሩ ሆድ ይስብና በዚህ በክፍቱ ቱቦ ወደ ውጭ ይተፋዋል።»

መውጫ ካጣ። እናት ያንኑ መስተዋት ደግማ ወለወለች።

«አሁን ግን የሚስበውና የሚተፋው ቱቦ ፓምፑ ላይ ተቀያይረዋል።»

«አዎ። እንዲህ ሆኖ ከታሰረ ፓምፑ ከክፍሉ አየር እየሳበ የሞተሩን ሆድ ይነፋዋል። የቱርቦው ዘይት መመለሻ ያጣና በአየር መግቢያው ይገባል። የናፍታ ሞተር ያንን ዘይት እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል። ቁልፍ ቢዘጋበት አይሰማም።»

«ያሰርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ግን በትክክል ነው ያሰርኩት። አደጋው ሊደርስ ዋዜማ ማታ ሞክረነው በደንብ ሠርቷል።»

«ማን አየ?»

«አለቃ ብቻ።»

ቀጥሎ ብሎን ገባ። ከጋራዡ መካኒኮች አንጋፋው እሱ ነው፤ አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም። ቅጽል ስሙን ያወጣለት አለቃ ነበር፤ «አንዴ ከገባ የማይፈታ» ብሎ።

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከጭነት መኪናው ሥር ነበርኩ» አለ። «ያን ክፍል እግሬ አልረገጠውም። ሰው ሁሉ ሲጮህ ነው በሩ ድረስ የመጣሁት። ድሮ ሞተር እንጠግን ነበር፤ አሁን ደግሞ ትንፋሽ አጠረው ተብሎ ፓምፕ ይታዘዝለታል!»

«ፓምፑን አይወዱትም ማለት ነው።»

«ፓምፕ ምን አደረገኝ? ልጅ ናት፣ ተሳሳተች። ልጅ ይሳሳታል።»

የጋራዡ ባለቤት አለቃ በሞተበት ቀን መንገድ ላይ ነበር። ከአለቃ ጋር የተነጋገረው በስልክ ብቻ ነው። «‹የዛሬው ሙከራ ከተሳካ ክፍሉን ለልጅቷ አስረክባለሁ› አለኝ» ሲል ተናገረ።

«ብሎን ይህን ያውቅ ነበር?»

«አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው፣ ያ ክፍል ይሰጠኛል ብሎ ሲጠብቅ። አለቃ ሳይነግረው አይቀርም።»

ባለቤቱ ሲወጣ መርማሪዋ ሸኘችው። ወደ እናት ዞር አለችና፣

«እናቴ፣ ወለሉን በምን ጨርቅ ነው የሚወለውሉት?» አለቻት።

«በተገኘው… በአሮጌ ልብስ።»

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«ልዩ ልዩ» አለች እናት።

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀችም። ልጅቷን ጠርታ፣ «በሥራ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ብቻ ነው። ጃኬትሽን ልበሺ፤ አብረን ወደ ጣቢያ እንሄዳለን» አለቻት።

ልጅቷ ቱታዋን ማውለቅ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው እናት ባልዲዋን የጣለችው።

«እሷን ተዪያት! እኔ ነኝ! አለቃን የገደልኩት እኔ ነኝ!»

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?»

«ጨርቁ እቤት አለ። አመጣዋለሁ። እሷን ብቻ ተዪያት።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ እናት ጨርቁን ይዛ ተመለሰች፤ እሷና ልጇ፣ መርማሪዋና ብሎን በመሞከሪያው ክፍል ተሰበሰቡ። ብሎን ለእናት ወንበር ስቦ፣ «ተቀመጪ እህት ዓለም፤ ትወድቂያለሽ» አላት። ባሏ የሞተ ጊዜ ይህን ሥራ ያስገኘላት እሱ ነው። ራሱ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የማይታጠፈውን እግሩን ዘረጋ።

መርማሪዋ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ከኪሷ ያወጣችውን ወረቀት ስትፈታው ሦስት አረንጓዴ ክሮች ታዩ።

«እነዚህን ያገኘኋቸው ፓምፑ ሆድ ውስጥ ነው። ጨርቁን የደበቀ ሰው እንዳለ አውቄያለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጅቷን ልወስዳት ያልኩት ያ ሰው እንዲናገር ነው። እናቴ፣ ጨርቁን መቼ ከተቱት?»

«ያን ቀን ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ። ከቱቦው ሥር ዘይት ተጠራቅሞ ወለሉን አበላሽቶት ነበር። ጠርጌ ስጨርስ እንደገና እንዳይንጠባጠብ አፉን ወተፍኩት። መውጫ አሳጣሁት።»

«ዘይት ከቱቦው ወጥቶ ነበር። ይህን ልብ በሉ። ቱቦው ማታ ሲሞከር ይተፋ ነበር ማለት ነው፤ ልጅቷ በትክክል አስራዋለች። ቱቦው አራት ሰዓት ላይም ይተፋ ቢሆን ይህ ጨርቅ ምን ይሆን ነበር?»

«ተስፈንጥሮ ይወጣ ነበር» አለች ልጅቷ። «በዘይት ርሶ።»

«እናቴ ግን በፒንሳ ጎትተው ከጥልቅ አወጡት። እዩት፣ ዳሩን ብቻ ነው ዘይት የነካው። ወደ ውስጥ ተስቧል፤ ክሩ እስከ ፓምፑ ገብቷል። ማታ የሚተፋ ቱቦ ጠዋት ይስብ ነበር። ስለዚህ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ሰው ቀያይሮታል። እናቴ፣ ጨርቁ ማንንም አልገደለም። ይልቅ እሱ ባይኖር ልጅዎን የሚያድናት አልነበረም።»

ቃሉ ወደ እናት ጆሮ ገባ እንጂ ወደ ልቧ አልደረሰም።

«አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ» አለች መርማሪዋ። «ሁለት ሰዓት ላይ ካጠቡ በኋላ ወደዚህ ተመልሰው ነበር?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ባልዲዬን ረስቼ።»

«ወለሉ እንዴት ነበር?»

«ሳይደርቅ ሰው ረግጦት… እንደገና ወለወልኩት። እያጉረመረምኩ።»

«ምን ዓይነት ዱካ?»

የእናት ዓይን ሳትፈልግ ብሎን ወደተቀመጠበት ሳጥን ሄደ።

«ከመቆሚያው ሥር» አለች በሹክሹክታ፣ «የአንድ ጉልበት ምልክት ነበር። ከጎኑ ረጅም የተረከዝ ጭረት።»

ሁሉም የተዘረጋውን እግር አዩ። ብሎን ሊሰበስበው ሞከረ፤ አልታጠፍ አለው።

«በዚህ እግሬ እንዴት ተንበርክኬ…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ዘይት እንዲተፋ ብቻ ነበር። ልጅቷ እንድታፍር። አለቃ ‹ገና ናት› እንዲላት። ያን ሁሉ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም። በሩ ላይ ሆኜ ‹ተወው፣ ውጣ!› ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።»

«ከዚያስ ጋሼ?» አለች ልጅቷ። «ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን እያዩ?»

ብሎን ወደ እናት ዞሮ፣ «በልጅሽ ላይ እንዲህ ይመጣል ብዬ አይደለም፣ እህት ዓለም» አለ። መርማሪዋ ክንዱን ይዛ ስታስነሳው እናት ወንበሯን ወደ ጎን ሳበችለት፤ እግሩ ማለፊያ እንዲያገኝ።

በሩ ጋ ሲደርሱ እናት ተጣራች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ያን ምልክት ሳይ የማን እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ብሎን እዚህ ክፍል ሥራ እንደሌለውም አውቃለሁ። እኔ ግን ወለሌ መቆሸሹ ብቻ አናደደኝ። ለአለቃ ‹ሰው ገብቶ ነበር› ብዬ ብነግረው ኖሮ፣ ቱቦዎቹን ያይ ነበር?»

መርማሪዋ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር ያዝ አደረገች። አይ ማለት ትችል ነበር።

«ያይ ነበር» አለች።

እናት ራሷን ነቀነቀች። ልጇ መጥታ እጇን ያዘቻት። እናት እጇን አልነጠቀችም፤ አጥብቃም አልያዘችም።