የእማ ሀሊማ ሁለተኛ ሞት

እማ ሀሊማ መጀመሪያ የሞቱት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ያኔ የቆቦ ከተማ ሰው ወጥቶ ቀበራቸው። ሁለተኛ የሞቱት ግን ቅዳሜ ዕለት፣ በልጃቸው በአቶ በድረዲን ሳሎን፣ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ለዚህኛው ሞት እሑድ ጠዋት የተጠራው አላምረው ነበር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቁ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ሰዉ «ዶክተር» ይለዋል። አንድ ጊዜ ግመል የዋጠችውን ስልክ ደውሎ አገኘው ይባላል፤ ያነሳችው ራሷ ግመሏ ናት የሚሉም አሉ። አላምረው ይህን ወሬ አስተባብሎ አያውቅም።

አቶ በድረዲን ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ግባ ልጄ። እናቴን ገደሉብኝ።»

«ማን ገደላቸው ጋሼ?»

«እኔስ አውቄያታለሁ። አንተ በሽማግሌ ፊት አውጣልኝ።»

ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ለአውጫጭኝ ተቀምጠዋል። አላምረው ወደ ሳሎን ገብቶ ሬሳውን አየ። ኮምፒውተሩ ይበራል፤ ፎልደሮቹ ግን ሁሉም ጠማማ ቀስት ያለባቸው ባዶ ቅርፊት ሆነዋል። የእማ ሀሊማ ዱአ የነበረው እዚያ ነው፤ አርባ ደቂቃ ድምፅ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው። ዝናብ ሲዘገይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «አሚን» የሚለው በዚያ ነበር።

«ቫይረስ ነው» አለ አላምረው። «ቫይረስ ደግሞ በእግሩ አይመጣም። ሰው ያመጣዋል።»

«ያመጣችው ሀስና ናት!» አሉ በድረዲን። «ከወጣባት ዛሬውኑ ሮቢት፣ አባቷ ቤት ትገባለች። ወላሂ!»

ሀስና የልጃቸው የሰላሁዲን ሚስት ናት፤ ከተዳረች ገና ሁለት ወሯ። ግድግዳው ጥግ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ታጥፋለች። ባሏ መሬት መሬት ያያል።

አላምረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰው ሲያየው ምርመራ ይጥመዋል።

«ዱአው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተሰማ?»

«ሐሙስ ማታ።»

«ስለዚህ ግድያው ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ነው። ሰላሁዲን፣ አንተ ፍላሽ አለህ?»

«ባጃጄ ላይ ነው። ከተነቀለ ቴፑ ይሞታል፤ ደፍሬ ነቅዬው አላውቅም።»

«ኢስራ፣ አንቺስ?» የቤቱ ትንሿ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት።

«የኔ ጠፍቶብኛል፤ ወር ሆነው።»

«ሀስና?»

«አርብ ወደ አስር ሰዓት ብቻዬን ነበርኩ» አለች ሀስና። «የሰርጋችንን ቪዲዮ አየሁ፤ ያንን ጠዋት የመጣውን።»

«ቪዲዮው ይቆየን። ፍላሽ ሰክተሻል?»

«ፍላሽ የለኝም።»

«እህቴ፣ ሰው ፊት የለኝም ማለት ቀላል ነው» አለ አላምረው፣ ሽማግሌዎቹ በመስኮት እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። ሀስና ቀና ብላ ቀበቶውን፣ ቀበቶው ላይ የተንጠለጠለውን የቁልፍ ዘለላ አየችና እንደገና አቀረቀረች። አፍራ ነው ብሎ አሰበ።

«ምን ትጠይቃታለህ!» አሉ በድረዲን። «አንቲቫይረስ የምትሉት ዘበኛ ተዘግቶ አግኝተነዋል። የተዘጋበትን ሰዓት ራሱ መዝግቦታል። ኢስራ አንብባልኛለች፤ አርብ፣ አስር ከአርባ! በዚያ ሰዓት ከእሷ በቀር ቤት ማን ነበር?»

አላምረው መዝገቡን ከፈተው። እውነትም አርብ፣ 10:40 ይላል። ከዚያ ዓይኑ የኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ላይ አረፈ፤ ፈገግም አለ።

«ኢስራ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ከሩብ።»

«ኮምፒውተሩስ ምን ይላል?»

«ዘጠኝ ከሩብ።» ልጅቷ አፏን ያዘች።

«አየሽ! ኮምፒውተር የሚኖረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አስር ከአርባ ያለው ጠዋት አራት ከአርባን ነው!»

«አባባ የተጻፈውን አንብቢ አለኝ፣ አነበብኩ» አለች ኢስራ ድምጿ እየቀጠነ።

«አርብ ጠዋት አራት ከአርባ ሀስና የት ነበረች?»

«ሮቢት ለቅሶ» አለ ሰላሁዲን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ። «በሁለት ሰዓት ራሴ አድርሻት ወደ ጎብዬ አለፍኩ። የተመለሰችው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

በድረዲን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አላምረው ብድግ አለ። ደስታው ከቆቦ ወልድያ ይሰማል።

«እንግዲህ ሁላችሁም ስሙኝ! አርብ ጠዋት አራት ከአርባ ላይ ይህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ገዳዩ እሱ ነው! ሰበብ የለውም! ስሙን አሁን አወጣዋለሁ!»

ጎንበስ ብሎ የመዝገቡን ቀጣይ መስመር አነበበ። ቫይረሱን ያመጣው ፍላሽ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ዶክተር ይላል።

እጁ ሳያዝዘው ወደ ቀበቶው ሄደ። ቀይ ክር የታሰረበት ፍላሽ ከቁልፉ ጋር ተንጠልጥሏል። አርብ ጠዋት የሰርጉን ቪዲዮ ይዞ የመጣው እሱ ነው። በድረዲን ለጁምዓ ውዱእ ሲያደርጉ፣ እዚህችው ወንበር ላይ ነበር።

«ምን ይላል ዶክተር?» አሉ በድረዲን። የእንግሊዝኛ ፊደል አይለዩም።

ይህ ቫይረስ ፋይል ይደብቃል እንጂ አያጠፋም፤ ያውቀዋል። በአምስት ደቂቃ ዱአውን ሊመልሰው ይችላል። ሰው በደስታ ሲያለቅስ መዝገቡን መሰረዝ ነው፤ ግመሏ ላይ ሌላ ተረት ይጨመርለታል። የገዳዩ ስም ካልወጣ ግን ጥርጣሬው ሀስና ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። ዞር ብሎ አያት። አላየችውም፤ ነጠላዋን ታጥፋለች።

«ውጭ እንሂድ» አለ።

ዛፉ ሥር ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። ድምፁ ያ የቅድሙ አልነበረም።

«ሐሙስ ማታ ዱአው ነበር። አርብ ጠዋት ሀስና ሮቢት ነበረች፣ ሰላሁዲን ጎብዬ፣ ኢስራ ትምህርት ቤት። ጋሼ ግቢ ውስጥ እየታጠቡ ነበር። ቤት ውስጥ የነበረ አምስተኛ ሰው አለ። ፍላሹ በቀን ሃምሳ ኮምፒውተር ይገባል፤ አንድ ቀን መርምሮት አያውቅም። ሲሰካው ዘበኛው ጮኸ። ሰውዬውም ‘ይሄ ውሻ በሁሉ ይጮሃል’ ብሎ አፉን ዘጋው። ከዚያ ረሳው። ውሻው ግን የጮኸው በሌባው ላይ ነበር።» ፍላሹን ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። «ሌባው ይኸው። ሰውዬው እኔ ነኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ፈንታው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ ያን ስልክ ያነሳችው ግመሏ መሆኗ ነዋ።»

ማንም አልሳቀም። አላምረው ወደ ሀስና ሄዶ ጎንበስ አለ።

«ይቅር በይኝ።»

«ቅዳሜ ኢስራ ሰዓቱን ብቻ ስታነብ፣ የፍላሹን ስም ከሥሩ አይቼዋለሁ» አለች በቀስታ።

«አይተሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«የሁለት ወር ሙሽራ ብትናገር ማን ያምናታል? ራሱ መጥቶ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ። ፍላሽ ሰክተሻል ወይ ስትለኝ ግን አፈርኩ። ለራሴ አይደለም። ላንተ ነው ያፈርኩት።»

በድረዲን ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ። «አስተግፊሩላህ» የሚል ድምፅ ብቻ ከውስጡ ወጣ። በኋላ ግን ገልጠውት ምራታቸውን በሰው ፊት «ዓውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሏት።

«ዘበኛውን የዘጋኸው ስንት ቤት ነው?» አሉ አባ ፈንታው።

አላምረው በጣቱ ጀመረ፤ ጣቱ አለቀ። «ያልዘጋሁበትን ብቆጥር ይቀለኛል አባ።»

«እንግዲያ ፍርዱ ይኸው ነው። በየቤቱ ሄደህ ትከፍተዋለህ። ለምን እንደመጣህም ራስህ ትናገራለህ። ያንን ፍላሽህን ደግሞ መጀመሪያ የቤቱ ባለቤት ፊት ታስመረምረዋለህ።»

ፍላሹን ከመሬት አንስቶ ገባና መጀመሪያ የበድረዲንን ኮምፒውተር አጸዳው። ዘበኛውን ከፈተው፤ አሳደሰው፤ ሙሉውን አስፈተሸው። የተደበቀውን ገለጠ፤ ዱአውንም በሲዲ ሁለተኛ ቅጂ አውጥቶ ለሀስና በእጇ ሰጣት። ወዲያው የእማ ሀሊማ የሻከረ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ግቢው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። እሱም ደጃፉ ላይ እጁን ሊዘረጋ ጀመረና፣ የፍላሹ ቀይ ክር ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ሲያየው እጁን ወደ ኪሱ መለሰው።

ወጥቶ የጎረቤቱን በር አንኳኳ።

«ማነው?»

ዶክተር ሊል አፉን ከፈተ።

«አላምረው ነኝ» አለ።