የትምህርት ቤቱ በሮች

በዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ከጨመርኩ የመጋዜ ጥርስ ሙልጭ ብሎ ይርገፍ። የሰፈሩን ሥራ አጥ ወጣት በአንድ ክረምት ጠራርጌ ሥራ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ልጅ ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ዝም ስትል እንኳ የምትከራከር ስለምትመስል «ጠበቃዋ» እንላታለን። አንድ ቀን ጠዋት የወንድሟን ክፍል ልትጠርግ ስትገባ አልጋው ሥር የተሞላ ሻንጣ አየች። ወንድሟ ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ያላንኳኳው መሥሪያ ቤት የለም። ሲሰለቸው ከጓደኞቹ ጋር የፈረሰው አጥር ላይ ተሰጥቶ ይውላል።

«ወዴት ነው?» አለችው ወንድሟ በሩ ላይ ሲደርስ።

«ድንበር የሚሻገር የጭነት መኪና አለ። ነገ ንጋት ላይ። ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«መንገድ ላይ ብትቀርስ?»

«አጥር ላይ ከመቅረት ይሻላል።»

ጠበቃዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆመች። ለእናቷ ብትነግር እናቷ ታለቅሳለች፤ እሱም ተደብቆ መሄዱ አይቀርም። ዝም ብትል ደግሞ ነገ አልጋው ባዶ ነው። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወደ እኔ ገሰገሰች።

እኔ እንግዲህ አናጢ ብቻ አይደለሁም። ጫካ ውስጥ ሳልፍ ዛፎች ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱኛል። በማግስቱ ንጋት ላይ መኪናው እያጓራ ሲመጣ መሐል አስፋልት ቆሜ መዳፌን ዘረጋሁ። ቀጥ አለ። ከላይ አርባ ጎረምሳ ተጠቅጥቋል።

«ውረዱ» አልኩ።

ወረዱ። ሾፌሩም አብሮ ወረደ።

በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳኋቸው። በጦርነቱ ጊዜ በሮቹ ተነቅለው ማገዶ ስለሆኑ ልጆቹ ከነፋስ ጋር ነበር የሚማሩት። የመጀመሪያዋን በር ለጠበቃዋ ወንድም ሰጠሁት።

«በር ማቆም ማንም ያቆማል» አልኩት። «እስከ ግማሽ ከፍተህ ስትለቃት ግን ባለችበት መቅረት አለባት። ራሷ ከሄደች ጠማማ ገጥመሃል ማለት ነው።»

በመጀመሪያ ሙከራው በሯ ከእጁ አምልጣ ጓ ብላ ተዘጋች። ልጁ ክው አለ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ድንገተኛ ድምፅ አይወድም። ማጠፊያዎቹን ፈታ፣ ውሃ ልኩን አስደገፈ፣ እንደገና ገጠመ። እንደገና ፈታ። ከሰዓት በኋላ በሯን እስከ ግማሽ ከፍቶ ለቀቃት። በሯ ንቅንቅ አላለችም። እሱም እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«እይማ» አላት አጠገቡ ምስማር የምታቀብለውን እህቱን። ቀጥሎም፣ «እቤት ስትደርሺ ልብሶቼን ከሻንጣው አውጪልኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ አጥሩ ላይ የተቀመጠ የለም። ሁሉንም አናጢ አደረግኳቸው። መጋዝ መያዝ ያቃተው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ እሱንም እንጨት አመላላሽ አደረግኩት።

ትናንት ይህንኑ ወርክሾፓችን ለገቡት አዲስ ልጆች እያወራሁላቸው ነበር። አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። ጠበቃዋ ጥግ ላይ ሳንቃ ትልጋለች። መላጊያዋን አላቆመችም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ መኪና ያስቆመ ሰው የለም እኮ» አለች። «አንተ ወርክሾፕህ ከተቃጠለ ወዲህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኝተህ ነበር። የበሩን ሥራ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን፣ ‹ጋሼን ከአልጋው የሚያስነሳ ሥራ አግኝቻለሁ፤ አጋዥ ካላገኘ ግን እምቢ ይላል› አልኩት። እሱም የዚያን ቀን ሳይሄድ የቀረው አንተን ሥራ ሊያስይዝ ነው።»