የተደፈነው እጅጌ

ልጆች፣ ፍንጭት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሌላ ስም አላት፤ ግን በፊት ጥርሶቿ መሀል ባለው ክፍተት የተነሣ ሁሉም ሰው ፍንጭት ይላታል። የምትኖረው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከእናቷና ከልብስ ሰፊዋ አክስቷ ጋር ነው።

አክስቷ ስትሰፋ ትዘምር ነበር። መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ታንጎራጉራለች! አሁን ግን የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ከለበሰ ሦስት ወር ሆነው። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ ብትነሣም ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ሐኪሙ፣ «የድብርት ሕመም ነው፤ መድኃኒቷን ትውሰድ፣ ሰውም አይራቃት» ብሏል።

ፍንጭት በቤተ ክርስቲያን ከልጆች መዘምራን ጋር ትዘምራለች። አንድ ቀን በልምምድ ላይ የመዝሙር መምህሩ ስምንት ነጭ የመዘምራን ልብሶች ይዞ ጠራት።

«ፍንጭትዬ፣ እጅጌያቸው ረዝሟል። አክስትሽ ለእሑድ ታሳጥርልን ይሆን? ለመሆኑ ደህና ናት?»

ፍንጭት ዞር ብላ አየች። ጓደኞቿ በሙሉ ያዩዋታል። «የእብድ ዘመድ» ቢሏትስ?

«በጣም ደህና ናት! ታሳጥራለች!» አለች።

አያችሁ? ውሸት አንዴ ከአፍ ከወጣ ሥራ ያበዛል። ፍንጭት እናቷ ሳትኖር ጠብቃ መኪናውን ገለጠች። አክስቷ ፊቷን አዙራ ተኝታለች። ፍንጭት እጅጌዎቹን አጠፈች፣ ፔዳሉን ረገጠች፤ ስምንቱንም ልብስ ሰፋች።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ድምቡሼ የሚባለው ልጅ ቀድሞ ለበሰ። እጆቹን ገፋ፣ ገፋ፤ አልወጡም።

«መምህር፣ እጆቼ ጠፉ!»

ለካ ፍንጭት የእጅጌዎቹን አፍ ሰፍታ ደፍናቸዋለች! ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«አክስትሽ ዓይኗን ጨፍና ነው እንዴ የሰፋችው?» አለች አንዷ።

ፍንጭት ለቅሶዋን ለቀቀችው። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። አክስቴ ታማለች። አእምሮዋን ነው ያመማት። አፍሬ ዋሸሁ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። መምህሩ ተንበርክኮ እንባዋን ጠረገላት።

«እግሬ የተሰበረ ጊዜ ሁላችሁም ጠይቃችሁኛል» አለ። «ታዲያ አእምሮ ሲታመም ለምን እንቀራለን? የታመመን መጠየቅ ጌታን መጠየቅ ነው።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ተነሡ!» አለ ድምቡሼ፣ የተደፈኑ እጅጌዎቹን እያወዛወዘ።

መምህሩ ግን፣ «ጫጫታ እንዳይበዛባት ሦስታችን እንበቃለን» ብሎ ፍንጭትንና ድምቡሼን ብቻ ይዞ ሄደ።

ቤት ሲደርሱ ፍንጭት አክስቷ የተኛችበት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አክስትዬ፣ አፈርኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

አክስቷ ቀስ ብላ እጇን ዘረጋችና ፀጉሯን ዳበሰቻት። ከዚያ ዓይኗ ድምቡሼ ላይ ዐረፈ። እጅጌዎቹን አየች፣ አየችና፦

«ይኼን የሰፋው ሰው ነው ወይስ ዶሮ?»

ፍንጭት በእንባዋ መሀል ሳቀች። አክስቷም ፈገግ አለች! ከሦስት ወር በኋላ!

«በይ መቀስ አቀብይኝ፤ ልጁን ላስፈታው።»

ያን ቀን የድምቡሼን ሁለት እጅጌ ብቻ ሠርታ፣ ደክሟት ተኛች። ሕመሟ በአንድ ጊዜ ብን ብሎ አልጠፋም። መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። ልጆቹ ግን ከዚያ ወዲያ በየተራ ይጠይቋት ጀመር።

የዚያ ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ፣ ድምቡሼ ብቻ በነጭ ልብስ፣ ሌሎቹ በየራሳቸው ልብስ ዘመሩ። ማን ልብስ አየ? ፍንጭት የምታየው በሩ አጠገብ ያለውን የኋላ ወንበር ነበር። አክስቷ ከፍንጭት እናት ጋር መጥታ እዚያ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯም ከመዝሙሩ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ልጆች፣ አእምሮውን የታመመ ሰው ልንደብቀው የሚገባ ነውር ሳይሆን፣ እንድንወደውና እንድንጠይቀው እግዚአብሔር የሰጠን ወገናችን ነው።