የጋሼ ልጆች

አናጢው በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ እስከ ደረቱ በጣውላ ተቀብሮ ተገኘ። ፖሊሶቹ «ክምሩ ተንዶ ራሱን መትቶት ነው» ብለው ጉዳዩን ሊዘጉት ሲሉ ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየችው። ፀጉሩም አንገቱም ሰጋቱራ ለብሷል፤ ፊቱ ግን ንጹሕ ነው፤ ዓይኖቹም ተከድነዋል።

«ጣውላ ራስ ይፈነክታል እንጂ የሬሳ ዓይን አይከድንም» አለች።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ባለቤቱ፣ ከሥራ የተባረረ የወህኒ ቤት ጠባቂ እና የሟች ታናሽ ወንድም። ጋሼ እዚያ የሚሰበስበው ቡድን ጎረቤትን ወገንና ጠላት ብሎ የሚከፍል፣ ቤት ያቃጠለ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሚተነፍስ ግን የለም።

ኢንስፔክተሯ የት እንደዋሉ አልጠየቀችም። እንዴት ወደዚህ እንደመጡ ጠየቀች።

«ተባረርኩ፤ ሚስቴም ልጆቼን ይዛ ሄደች» አለ ጠባቂው። «ጋሼ ባያነሳኝ የጅብ ራት ነበርኩ።»

«ሟቹስ?»

«ወታደር ነበርኩ ባይ! አጠገቡ ቆሜ ስጠራው ዝም ይለኛል። ናቂ!»

ጋሼም ያንኑ አለ። «ኩሩ ነበር። ቢሆንም ልጄ ነው። ሁሉም ወድቀው ያነሳኋቸው ልጆቼ ናቸው።»

ታናሽ ወንድሙ እጁን ጭኖቹ መሃል ቀብሮ ተቀመጠ። «አባት የለንም፤ እሱ ነው ያሳደገኝ። ትምህርት አቋርጬ ቤት ስውል እዚህ አመጣኝ።»

«ሰው ሲጠራው ለምን ዝም ይላል?»

«ኩራት አይደለም። ቀኝ ጆሮውን መድፍ ደፍኖታል። እንዳይንቁት ብሎ ከኔ በቀር ለማንም አልተናገረም።»

ሦስቱንም ሟቹ ሲሠራበት በነበረው ጠረጴዛ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«በሩ እዚህ ቆሞ ለሚሠራ ሰው በስተግራ ነው» አለች። «ገዳዩ ግን በሰጋቱራው ላይ ዱካውን ጥሎ በሟቹ ጀርባ ራቅ ብሎ ወደ ቀኙ ዞረ፤ በዚያ በኩል ከኋላ መታው፤ ከዚያ ክምሩን ገፋበት። ለምን ዞረ? በዚያ በኩል እንደማይሰማ ስለሚያውቅ። እናንተ ሁለታችሁ ንቀት መስሏችኋል። የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ፊቱን ጠርጎ ዓይኑን የከደነለትም እሱው ነው፤ ጠላት እንዲህ አያደርግም።»

ታናሹ ጮኸ። «ሊከዳን ነበር! ‹እኔ ነኝ ያስገባሁህ፣ እኔው አወጣሃለሁ› አለኝ። ወዴት ነው የምወጣው? ውጪ ማን አለኝ?»

«እሱ ነበረህ» አለች ኢንስፔክተሯ። ቀጥላም «ማነው ያዘዘህ?» ስትል ጠየቀችው።

ልጁ ዞሮ ጋሼን አየ። ጋሼ የኮቱን እጅጌ እያራገፈ «ሥራ ሲለምነኝ አዝኜ ያስገባሁት ነው። ከዚያ ውጪ አላውቀውም» አለ።

ጠባቂው መሬት መሬቱን አየ።

«ማንም አላዘዘኝም» አለ ልጁ፣ እጁን ለካቴናው እየዘረጋ። «ጋሼን ተዉት።»

ጋሼ ኮፍያውን አጠለቀ። «እንግዲህ ልሂድ፤ ቀብሩን የሚያስተባብር ሰው ያስፈልጋል።»

እሱን የምትይዝበት ማስረጃ አልነበራትም። ከበሩ ላይ ዞር ብላ አሳለፈችው።